ሰባት ደቂቃ ያለ እጅ

ዜሮዋን ራይሊ ያየቻት አውሮፕላኖቹ ከውሃው ከተነሱ በኋላ ነው። ከኮዱ መጨረሻ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር መኖር በነበረበት ቦታ፣ አንዲት ዜሮ ብቻዋን ጉብ ብላለች። ሐሙስ ከሥራ መልስ ለሙከራ ብላ ያስገባቻት ራሷ ናት። ስትጨርስ ልትመልሳት አስባ ነበር። ስልክ ተደወለ፣ ድስት ገነፈለ፣ ረሳችው። ዓርብ ዕለት አውሮፕላኑን እንዳለ ለልጇ ሰጠች።

ክው አለች።

አውሮፕላኖቹ የሚበሩት ሰዎች በኢንተርኔት በሚገናኙበት የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ዕቃ መልእክት ሲያወጣ ማን እንደሚያነበው የሚወስነው ቁጥሩ ነው። ረጅሙ ቁጥር ሲሆን መልእክቱ ለአንዲት የራይሊ መሣሪያ ብቻ ይደርሳል፤ መሣሪያዋም ወደ ስልኳ ትልከዋለች። ዜሮ ሲሆን ግን በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ራይሊ እዚያው የራሷ ኮፒ ላይ ዜሮዋን አጥፍታ ረጅሙን ቁጥር ጻፈች፤ ከንቱ መሆኑን እያወቀች። አንዴ የተሰጠ አውሮፕላን የባለቤቱ ነው፤ ሠሪው እጁን ሊያስገባበት አይችልም። የቬንላ አውሮፕላን ደግሞ ባሕሩ ላይ ወጥታ ነጭ ክንፏን ዘርግታለች፤ ዜሮዋም ሆዷ ውስጥ ናት።

ራይሊ ራሄ ከተማ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ በዚያው ቆማለች። ኮድ መጻፍ በልጅነቷም፣ በወጣትነቷም አስባው አታውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኑ አጥሮ በሚጨልምባቸው ወራት ልጇ ቬንላ ታመመች፤ የታመመው አካሏ አልነበረም። ኦሉ ከተማ ሆስፒታል ሦስት ወር ተኛች። ስትመለስ ከእናቷ ጋር የምታወራው ስለ ዳቦና ስለ ልብስ ማጠቢያ ብቻ ነበር። የምትስቀው ፎቅ ላይ፣ ክፍሏ ውስጥ፣ በዚያ ዓለም ካሉ የበረራ ክበብ ሰዎች ጋር ስትሆን ነው። ራይሊ ከደረጃው ሥር ቆማ ያን ሳቅ ስትሰማ ሰነበተች። በመጨረሻ ልጇ የምትስቅበትን ቦታ በዓይኗ ለማየት እሷም ገባች።

ኮድ ያስተማራት ኦስሞ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ኮኮላ ወደብ ላይ የክሬን መካኒክ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው። «አውሮፕላኑ ምንም አይደለም፣ ቀለም የተቀባ ሣጥን ነው፤» አላት በመጀመሪያው ቀን። «የሚያበርረው ጽሑፉ ነው። የኪቦርዱን ቀስት ስትነኪ አፍንጫው ምን ያህል ይነሳል፣ ስትዞሪ ክንፉ ምን ያህል ያዘነብላል፣ እጅሽን ስትለቂው በስንት ሰከንድ ራሱን ያቃናል፤ ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ የምትነግሪው።» ራይሊ ነገሩን እንደ ሾርባ ጨው ያዘችው። ትንሽ ትጨምራለች፣ ታበርራለች፣ ትቀምሳለች፣ ትቀንሳለች። በዓመቷ አውሮፕላኖቿ በአንድ ነገር ታወቁላት፤ አይወድቁም። የቶርኒዮዋ ሂልካ፣ የክበቡ አፈኛ፣ «የራይሊን አውሮፕላን ለመከስከስ ማመልከቻ መጻፍ ያስፈልጋል» ትላለች።

ከሁሉ የምትበልጠው ቲራ ናት፤ በባሕር ወፍ ስም የተጠራች የውሃ አውሮፕላን። የሠራቻት ለቬንላ ነው። ቬንላም ክበቡ ውስጥ ለአዲስ ሰው ሁሉ «ይቺን እናቴ ናት የሠራችልኝ» ትል ነበር። ራይሊ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ እንዲህ ያለ ነገር ስለ ራሷ ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ሚያዝያ መጣ። አንድ ማክሰኞ ቬንላ ስልክ ሳታነሳ ዋለች። ራይሊ ሥራውን ጥላ በብስክሌት እየበረረች መጣች። ልጅቷ ተኝታ ነበር፤ እንቅልፍ ብቻ። በዚያ ሳምንት ራይሊ ቲራ ሆድ ውስጥ ዐሥራ አንድ መስመር ጨመረች። ቬንላ ስትበር አውሮፕላኗ በየግማሽ ሰዓቱ ለራይሊ ስልክ ከፍታዋን ትነግራለች። ቬንላ እየበረረች እጇ ኪቦርዱን ሳይነካ አምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሌላ መልእክት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ራይሊ የሐሙሱን አተር ሾርባ ስታማስል ስልኩ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ንዝር ይላል። ታየዋለች። ከፍታ ሁለት መቶ ስልሳ። ልጄ በሕይወት አለች። ማማሰሏን ትቀጥላለች።

ዛሬ የሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሁለቱ መቃብር ሄደው ለቬንላ አባት ለፔንቲ ሻማ አብርተው፣ ጣታቸው ደንዝዞ፣ ሳይነጋገሩ ተመልሰዋል። ክበቡም በዚህ ቀን የራሱ ልማድ አለው። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ኅዳር ነውና ውጭ ሲጨልም፣ ሁሉም በክንፉ ላይ ለአንድ ሙት አንድ መብራት ሰቅሎ ይነሳል። ባሕሩ መሀል ሲደርሱ ሞተር ይጠፋል፣ ማይክ ይዘጋል፣ እጅ ከኪቦርዱ ይነሳል። ሰባት ደቂቃ። ማንም አይናገርም፣ አይጽፍም፣ ምንም አይነካም። አውሮፕላኖቹ እንዲሁ በራሳቸው ይንሳፈፋሉ።

ራይሊ ኮዱን የከፈተችው ለዚህ ነበር። ቬንላ «እማ፣ ሞተሩ ሲጠፋ እንዳትንገዳገድብኝ አድርጊልኝ» ብላ ጠይቃት፣ ማቃኛውን አለስልሳላት ነበር። ቁጥሩን አንዴ ልየው ብላ ነው። ዜሮዋን አየች። ወዲያው ደግሞ ሌላው ነገር ታያት። የሰባት ደቂቃ ዝምታ። አምስት ደቂቃ ብላ የጻፈችው ራሷ ናት። በሚያዝያ ማን ኅዳርን ያስባል?

«በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም አራት መቶ ላይ፤» አለ ኦስሞ በጆሮ ማዳመጫው። ራይሊ በዚያ ዓለም የእሱ አውሮፕላን የኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። «ሂልካ፣ አራት መቶ ነው ያልኩት፣ አራት ሺህ አላልኩም።»

«ወደ ፈጣሪ ጠጋ ልበል ብዬ ነዋ።»

«እሱ አንቺን ለማየት አልቸኮለም። ውረጂ።»

ቬንላ ሳቀች። ራይሊ ሳቋን ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ መጀመሪያ በኮርኒሱ በኩል፣ ትንሽ ቆይቶ በጆሮዋ ውስጥ።

«ቬንላዬ፤» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ዝምታው ላይ መሀል ላይ አንዴ ቀስቷን ነካ አድርጊያት እሺ? አዲሱን ማቃኛ በደንብ አልሞከርኩትም።»

«እማ፣ ደንቡ እኮ አለመንካት ነው።»

«አውቃለሁ፣ አንዴ ብቻ። እንዳትወድቅ።»

«የራይሊ አውሮፕላን? ልትወድቅ?» አለች ሂልካ። «ጉድ ፈላ! ይኼ ዜና ነው። ራይሊ፣ በጠራ ሰማይ የዝናብ ልብስ ለብሰሽ የምትወጪ ሴት ነሽ እኮ። ልጅቷን ተያት።»

«ብትወድቅም ውሃ ነው፤» አለ ኦስሞ ለስለስ ብሎ። «እናወጣታለን። በሉ ስም።»

ስም ይጠራል፤ እሱም ልማዱ ነው። ኦስሞ «ለአይላ፣ ለሚስቴ» አለ። ሂልካ «ለወንድሜ ለሬይኖ፤ ብስክሌቴን ሳይመልስ ነው የሞተው» አለች። ሌሎቹም ተከታተሉ። የቬንላ ተራ ደረሰ። ራይሊ «ለአባቴ» የሚለውን ጠበቀች።

«ለሚርካ፤» አለች ቬንላ።

ሚርካ ማን ናት? ራይሊ እንዲህ የምትባል ሰው አታውቅም። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ማይኮቹ ተዘጉ። ፎቅ ላይም ጸጥ አለ።

የግድግዳውን ሰዓት አየች። አንድ ደቂቃ።

በጨለማው ባሕር ላይ ዐሥራ አራት መብራቶች ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ቲራ ከፊት ናት። እንዴት ያምርባታል! አትንገዳገድም፣ አታዘነብልም፤ ራይሊ እንዳዘዘቻት ክንፏን አስተካክላ እንደ ላባ ትሄዳለች። ሁለት ደቂቃ።

ብድግ ብላ ወደ ደረጃው ሄደች። አራተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ እንጨቱ ሲጥ አለ፤ ቆመች። ወጥታ ምን ልትላት? ልጄ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ እየሰለልኩሽ ነው፣ አሁን ግን እባክሽ አንዲት ፊደል ንኪልኝ? ባትነግራትስ? ምናልባት ልጅቷ ታስነጥስ ይሆናል። ምናልባት ክርኗ ኪቦርዱን ይነካ ይሆናል። ምናልባት ኮዱ ጭራሽ አይሠራ ይሆናል፤ ስንት ጊዜ አልሠራ ብሏት ያውቃል! ራይሊ በሕይወቷ ክፉውን ስትጠብቅ ኖራ፣ ክፉው በእርግጥ ሊመጣ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጉን ጠበቀች። ተመልሳ ወረደች። አራት ደቂቃ።

አምስት።

በስክሪኑ ታችኛው ጥግ፣ የሁሉም ሰው ወሬ በሚጻፍበት፣ ዛሬ ማንም ሊጽፍበት በማይገባው ባዶ ቦታ ላይ፣ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ቲራ፦ ቬንላ ኪቦርድ ካልነካች አምስት ደቂቃ። ከፍታ 310። ራይሊ፣ ወደ ፎቅ ውጪ።»

መልእክቱን ስትጽፈው ለራሷ ነበር። ስደነግጥ እግሬ ይታሰራል፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሌላ ሰው ይንገረኝ ብላ ነው በትእዛዝ የጻፈችው። አሁን ዐሥራ አራት ሰው ያነበዋል። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ልማዱ ዝምታ ነውና ዝም አሉ። ከፎቅም ምንም አልተሰማም። ንኪ፣ ልጄ፣ ንኪ፣ አየሽው እኮ፣ ንኪና ይቁም።

«ቲራ፦ ስድስት ደቂቃ። ራይሊ፣ ውጪ። አታንኳኪ፣ ዝም ብለሽ ግቢ።»

አንድ መብራት ትንሽ ተወዛወዘ። ሂልካ መሆን አለባት፤ እጇን ከኪቦርዱ ያነሳች አይመስልም። ቲራ ግን ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ራይሊ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀምጣለች። የሚቀጥለውን ታውቀዋለች፤ የጻፈችው እያለቀሰች ነበር።

«ቲራ፦ ሰባት ደቂቃ። ራይሊ፣ ለአምቡላንስ 112 ደውዪ። በሩ እንዳይዘጋ ጫማሽን አስገቢበት።»

ሰባቱ ደቂቃ አለቀ። ሞተሮች ተነሱ። ኦስሞ ማይኩን ከፈተ። «እንግዲህ… ወደ ቤት፤» አለ። ሂልካም እንኳ ያን ቀን አፏን ያዘች። አውሮፕላኖቹ ዞሩ። ቬንላ ከሁሉ ኋላ ሆና መጣች፣ ውሃው ላይ ትንሽ አረፋ እንኳ ሳታስነሳ አሳረፈቻት፣ ገመዷን አሰረች። ከዚያ ጠፋች፤ ስሟም ከዝርዝሩ ወጣ።

ፎቅ ላይ ወንበር ተንፏቀቀ።

ቬንላ ካልሲ ብቻ አድርጋ ወረደች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ግን በዚያ ሰዓት የዐሥር ዓመት ልጅም የአሮጊትም መሰለ። ከማቀዝቀዣው ወተት አወጣች፣ ቀዳች፣ ሳትጠጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሚያዝያ።»

«ከሚያዝያ፤» አለች ቬንላ። «እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ‹እናቴ ናት የሠራችልኝ› እያልኩ።»

«እኔ ነኝ የሠራሁልሽ።»

«ለእኔ አይደለም የሠራሽው፤ ለራስሽ ነው።»

«መጀመሪያው ሲወጣ ለምን አልነካሽም?» አለች ራይሊ። «አንዴ ብትነኪ ይቆም ነበር።»

«የሚርካ ሰባት ደቂቃ ነው። ለአንቺ ኮድ ብዬ አልሰጥም። ደግሞ መጨረሻው ምን እንደሚል ማየት ፈልጌ ነበር።» አንገቷን ነቀነቀች። «ጫማሽን አስገቢበት። እማ፣ ጫማሽን!»

«ሚርካ ማናት?»

«አጠገቤ የተኛችው። ኦሉ። ፀጉሯ አጭር የነበረው፣ አንድ ጊዜ ብርቱካን ሰጥተሻታል። ነሐሴ ላይ ሞተች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ የወጥ ቤቱን ቢላ ሁሉ ሰብስበሽ እንደገና መኪና ውስጥ ትቆልፊው ነበራ! አንድ ወር ሙሉ ዳቦ በእጄ እየገመጥኩ በላሁ እኮ ያኔ።»

ነገሩ የሚያስቅ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ምናልባት ይስቁ ነበር። ራይሊ ብርቱካኑን አስታወሰች። የልጅቷን ፊት ግን ልታስታውሰው አልቻለችም፤ ያኔ የምታየው አንድ ፊት ብቻ ነበር።

ስልኳ ጠራ። ኦስሞ ነው። ቬንላ «አንሺው» አለቻት፤ አነሳችው።

«ራይሊ፣ ተነጋግረናል፤» አለ። «ማንም ምንም አይልም። እንዳልተከሰተ ነው።»

«ተከስቷል እኮ፣ ኦስሞ።»

«ተከስቷል። በበረራ ሳምንት ኮድ አይነካም ብዬሽ ነበር። ሂልካ እያለቀሰች ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አትናገርም። ልጅቷ እንዴት ናት?»

ራይሊ ልጇን አየቻት። «ቆማለች፤» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ቬንላ ወተቱን ይዛ ደረጃው ሥር ደርሳ ነበር። «ነገ በጠዋቱ አውቶብስ ኦሉ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤» አለች ዞራ። «እዚያ አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ሶፋ አላት። እየወረድኩ ነው የወሰንኩት፤ አሁን ደግሞ እንጃ። መቀርቀሪያዬ የት ነው?»

«የቱ?»

«ታውቂዋለሽ። የክፍሌ በር መቀርቀሪያ።»

ራይሊ ታውቀዋለች። ከሆስፒታል ሊያመጧት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የነቀለችው። ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልታ፣ ቀለም ቀብታ፣ እዚያ ምንም እንዳልነበረ አድርጋዋለች። መቀርቀሪያውን ግን አልጣለችውም። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ዓሣ መጠቅለያ ወረቀት ውስጥ፣ ከአራቱ ቪቶቹ ጋር ቁምሳጥን ላይ አለ።

«ብሰጥሽ ትቀሪያለሽ?»

«እንደዚያ አልተባባልንም። በር ያለው ክፍል ነው የምፈልገው። እዚህ ካለ እዚህ፤ ከሌለ እዚያ።»

ራይሊ ወንበር ላይ ወጥታ ቆርቆሮውን አወረደች። ክዳኑን የከፈተችው ቬንላ ናት። ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አወጡ። ሁለቱም ወደ ፎቅ ወጡ፤ አራተኛው ደረጃ ሲጥ አለ።

መጀመሪያ ቬንላ ኮምፒውተሯ ላይ ቲራን ከፍታ ዐሥራ አንዱን መስመር አንድ በአንድ አጠፋች። ራይሊ ከኋላዋ ቆማ የትኞቹ እንደሆኑ በጣቷ አሳየቻት። «ይቺኛዋን አትንኪያት፤ የማቃኛው ናት» ያለችው አንዴ ብቻ ነው። ቬንላ ያቺን መስመር ተወቻት።

ከዚያ በሩ። ስቱኮው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል።

«ያዢልኝ፤» አለች ቬንላ።

ራይሊ ብረቱን በሁለት እጇ እንጨቱ ላይ ደግፋ ያዘች። ቬንላ በጉልበቷ ተንበርክካ ቪቱን ታጠብቃለች። ትንፋሿ የእናቷን እጅ ይነካል። የራይሊ አእምሮ ግን ሥራውን አላቆመም። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ቪቶቹ አጫጭር ናቸው፤ አንድ ሰው በትከሻው ቢገፋ፣ ሁለቴ ቢገፋ… የማን ትከሻ? የእሷ ቀኝ ትከሻ ድስት ሲያነሳ ነው የኖረው። ቬንላ ቀና ብላ አየቻት።

«እያሰብሽ ነው።»

«አላሰብኩም።»

«በስንት ግፊት እንደሚነቀል እያሰብሽ ነው። ፊትሽ ላይ ተጽፏል፤ እሱም ዜሮ ነው፣ ለሁሉም ይታያል።»

አራተኛው ቪት ገባ። ቬንላ ተነስታ መቀርቀሪያውን ወዲህ ወዲያ አደረገችው፤ ትንሽ ነከሰ፣ ከዚያ ገባ። እራት ገና አልበሉም ነበር። ራይሊ ሾርባ አሙቃ አጃ ዳቦ ጨምራ በሳህን አመጣችላት፤ ልጅቷ ደፍ ላይ ቆማ ተቀበለቻት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

«ጠዋት እከፍተዋለሁ፤» አለች ቬንላ።

«በስንት ሰዓት?»

«እማ።»

«እሺ። እሺ፣ ልጄ።»

ነገ አውቶብሱን ትሳፈራለች ወይስ አትሳፈርም፣ ራይሊ አልጠየቀችም። በሩ ተዘጋ። ራይሊ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ እግሯ ሳታዘው ትንሽ ወደ ፊት ሄዶ፣ የጫማዋ ጫፍ ከበሩ አንድ ጣት ያህል ርቆ ነበር። መልሳ ሰበሰበችው። ከውስጥ የመቀርቀሪያው ብረት ትንሽ ነከሰ፣ ቆየ፣ ከዚያ ገባ።